«አባቴን መጋኛ መታው ይላሉ፤ ለእኔስ ያሰጋኛል?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ36 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እናቴ ስኳር ካለባት 15 ዓመት ሆኗታል፤ ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ታላቅ ወንድሜም አምና ስኳር ተገኘበት። የአባቴ ታናሽ ወንድም በ22 ዓመቱ በልብ ሕመም አረፈ። አባቴ ደግሞ እኔ ሕፃን ሳለሁ ማሳ ላይ ደረቱን ይዞ ወደቀ፤ መጋኛ መታው ይላሉ። እኔ ቀጭን ነኝ፣ ምንም አያመኝም። ዘመዶቼ ግን «ዘራችን ነው» ይሉኛል። እውነት ይወረሳል? ልጆቼስ?
እናት ነኝ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አጎትዎን ከዝርዝሩ ልሰርዝልዎ። በዚያ ዕድሜ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የልብ ቫልቭ ነው፤ መነሻውም በልጅነት በቅጡ ያልታከመ ቶንሲል ነው። ይህ እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ አይተላለፍም። ለልጆችዎ ግን አንድ ነገር ይያዙ፤ ትኩሳት ያለው የጉሮሮ ሕመም ሲይዛቸው «ይተዋቸዋል» ብለው ቤት አያስቀምጧቸው።

ስኳሩ ይመለከትዎታል። አንድ ወላጅ እንደ እናትዎ ያለው ስኳር (ዓይነት 2 የሚባለው) ካለበት ልጁ በዕድሜ ዘመኑ የመያዝ ዕድሉ ወደ 40 በመቶ፣ ሁለቱም ካለባቸው ወደ 70 በመቶ ይገመታል። ብዙ ጂኖች (ከወላጅ የሚወረሱ የዘር መመሪያዎች) እንደ ዕድር መዋጮ ትንሽ ትንሽ ያዋጡበታል። የቀረውን የምንሞላው እኛው ነን። በ1980ዎቹና በ1991 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እስራኤል የገቡ ወገኖቻችን ሲደርሱ ስኳር ያለበት ሰው በመካከላቸው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ከዓመታት በኋላ በብዙ እጥፍ ጨመረ። ዘራቸው ያው ነው፤ የተለወጠው ማዕዱና እርምጃው ነው። ከእናትዎ ወጥ ቤቱንም፣ ቡና ላይ የሚጨመረውን ስኳርም ወርሰው እንደሆነ እስቲ ይቁጠሩት። ቅጥነትዎም አያዘናጋዎት፤ እግሩ እንደ ሸንበቆ ሆኖ ሆዱ የወጣ የስኳር ታካሚ በየቀኑ አያለሁ።

እኔን ከሁሉ ያሳሰቡኝ አባትዎ ናቸው። ዕድሜያቸውን አልጻፉልኝም። አልፈርድብዎትም፤ እኔም ሐኪም ሆኜ እንኳ አባቴ ሽማግሌ ሆኖ የሞተ ይመስለኝ ነበር። አንድ ለቅሶ ቤት አክስቴን ጠየቅኋት። «ጣሊያን በወጣ ዓመት ተወለደ፣ ደርግ በወደቀ ዓመት ሞተ» አለችኝ። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ከ1933 እስከ 1983፣ 50 ዓመት። በማግስቱ ጠዋት ኮሌስትሮሌን ተመረመርኩ።

አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመት በፊት ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ከደረሰባቸው፣ እኛ ሐኪሞች ለቀሪው ቤተሰብ ማስጠንቀቂያ አድርገን እንይዘዋለን። መጋኛ የተባለው ያ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ አንድ ጂን ብቻውን ኮሌስትሮልን ከልጅነት ጀምሮ ሰማይ ያደርሰዋል። ከ250 ሰው አንዱ ላይ ይገኛል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ቀጭን ወፍራም አይልም፣ በአመጋገብ ብቻም አይረታም። መድኃኒት ግን አለው።

ስለዚህ እናትዎን «አባባ ሲሞቱ ስንት ዓመታቸው ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ቁጥሩን ካላወቁት በዘመን ያስቆጥሯቸው። ከዚያ የደም ግፊት፣ የስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራ ያድርጉ። በባዶ ሆድ ስኳሩ ከ100 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ100 እስከ 125 መንገድ ላይ ነዎት ማለት ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተደግሞ ይታያል። ከኮሌስትሮሉ ኤል ዲ ኤል (መጥፎው ኮሌስትሮል) የሚለውን መስመር ይፈልጉ፤ 190 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ልጆችዎም ይመርመሩ፣ ወንድምዎም እንዲሁ። ላቦራቶሪ የሚሄዱ ዕለት ቡና ሳይቀምሱ ይውጡ፤ ውሃ መጠጣት ይችላሉ።