ለቤት ጂም ርካሽ ስኳት ራክ ስትመርጪ ከሁሉ በፊት ሴፍቲውን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ባጭሩ ደግሜ ላንሳውና የማውቀውን ልንገርሽ። የምትሠሪው ቤት ውስጥ ብቻሽን ነው። ስኳት (ክብደት የተጫነበትን የብረት ዘንግ፣ ባሩን፣ ጀርባ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) 80 ኪሎ፣ ቤንች (አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድሞ ባሩን ከደረት ወደ ላይ መግፋት) 50 ኪሎ ደርሰሻል። የክፍሉ ጣሪያ 2 ሜትር ከ40 ነው። ገንዘቡ ውስን ስለሆነ ሁለቱን ተነጣጣይ ማቆሚያዎች ልግዛ ወይስ ትንሽ ታግሼ ባለ አራት ቋሚውን ራክ (ባሩ የሚቀመጥበትን የብረት ማዕቀፍ) ልውሰድ ነው ያልሽው። ከኔ በፊት የመለሱልሽ ልጆች አብዛኞቹ የተከራከሩት በብረቱ ውፍረትና ተጽፎበት በሚመጣው የኪሎ ቁጥር ላይ ነው። እኔ ግን ከሴፍቲው ነው የምጀምረው፤ ማለትም ባሩ ሲወድቅ ከሚይዘው ከራኩ አግዳሚ ብረት ወይም ቀበቶ። ብቻውን የሚሠራ ሰው ራክ የሚያስፈልገው ባሩን የሚያስቀምጥበት አጥቶ አይደለም። ጉልበቱ ከድቶት መነሳት ሲያቅተው ባሩን የሚቀበልለት ሰው ስለሌለ ነው። ይህን ሥራ የማይሠራ ራክ ምንም ቢረክስ ውድ ነው።

ተነጣጣይ ማቆሚያዎቹን ለረጅም ጊዜ ተጠቅሜባቸዋለሁ፤ ባሕርያቸውን በደንብ አውቀዋለሁ። ባሩን ስታወጪ ምንም አይሉም። ጉዳቸው የሚታየው ስትመልሺ ነው። በመጨረሻው ድግግሞሽ እግርሽ ዝሎ ወደ ፊት ስትራመጂ ባሩ በሁለቱም በኩል እኩል አይደርስም። አንዱ ጫፍ ቀድሞ መንጠቆውን ይገጫል፣ የዚያ ማቆሚያ የኋላ እግር ከወለሉ ብድግ ይላል፣ ሌላኛው ማቆሚያ ገና ባዶውን ቆሞ ይጠብቃል። አንቺ ደግሞ ሙሉውን ክብደት ጀርባሽ ላይ እንደያዝሽ የትኛው መንጠቆ የት እንዳለ በዓይንሽ ትፈልጊያለሽ። በ40 ኪሎ ይህ ያስደነግጣል እንጂ አይጎዳም። በ80 ኪሎ ግን ለማንም አልመክርም። ከታች በአግዳሚ ብረት የተያያዙት ይሻላሉ፤ ቢያንስ ሁለቱ እንደ አንድ ነገር ይቆማሉ።

ባለ አራት ቋሚው ለኔ የተሻለው ምርጫ ነው፤ ርካሹም ቢሆን። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሴፍቲው ከፊትኛው ቋሚ እስከ ኋለኛው ድረስ ስለሚዘረጋ ውስጡ የትም ብትወድቂ ባሩ የሚያርፍበት አለው። ቤንች ስሠራ የመጨረሻው ድግግሞሽ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ የቀረባቸው ቀናት አሉ። ያኔ የማደርገው ነገር የለም፤ አየሬን አስወጣለሁ፣ የቀሰትኩትን ጀርባ አጋድማለሁ፣ ደረቴ ዝቅ ሲል ባሩ ሁለቱ ሴፍቲዎች ላይ ያርፋል፣ እኔ ከሥሩ ተንሸራትቼ እወጣለሁ። ማንንም መጥራት፣ ባሩን ሆዴ ላይ እያንከባለልኩ መታገል የለም። ብቻሽን እስከሠራሽ ድረስ ገንዘብሽን ማዋል ያለብሽ እዚህ ላይ ነው።

ገንዘቡ በምንም መንገድ ካልደረሰ ሁለተኛው ምርጫ ከታች የተያያዘ፣ ወደ ፊት የሚዘረጉ የሴፍቲ ክንዶች ያሉት ባለ ሁለት ቋሚ ራክ ነው። ክንዶቹ ቢያንስ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይርዘሙ። ከዚያ ካጠሩ ስኳት ላይ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ስትሄጂ ከክንዶቹ ውጪ ትሆኚያለሽ። ክንዶቹ ካሉት ደግሞ መሠረቱ በዚያው ልክ ወደ ፊት ይዘርጋ፤ አለበለዚያ ባሩ ክንዱ ጫፍ ላይ ሲወድቅ ራኩ ወዳንቺ ይደፋል። ግድግዳ ላይ የሚታጠፈው ዓይነት ቦታ ይቆጥባል፤ ግን የግድግዳውን ጥንካሬ በእርግጠኝነት ካላወቅሽ አትንኪው። ባዶ ብሎኬት ላይ የታሰረ ብሎን እንዲህ ያለውን ጉተታ አይችልም።

አሁን ማንም ወዳልጠየቀው ነገር ልምጣ፤ የቀዳዳዎቹ ርቀት። ደህና በሚባል ራክ ላይ ቀዳዳዎቹ ከመሃል እስከ መሃል 5 ሳንቲ ሜትር ነው የሚራራቁት። ርካሾቹ ላይ 10 ይሆናል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ስኳት ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅሽም። ቤንች ላይ ግን ሁሉ ነገር እሱ ነው። ሴፍቲው መቀመጥ ያለበት በጠባብ ቦታ ነው፤ ጀርባሽን ቀስተሽ ስትሠሪ ባሩ ሴፍቲውን ሳይነካ ደረትሽን መንካት አለበት፤ ስትጋደሚ ደግሞ ባሩ አንገትሽ ላይ ከመድረሱ በፊት ሴፍቲው ሊይዘው ይገባል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቀዳዳው በ10 ሲዘል አንዱ ቀዳዳ ከፍ ይልና ባሩ ደረትሽ ላይ አይደርስም፤ ቀጣዩ ዝቅ ይልና አንገትሽን አያድንልሽም። ስለዚህ ስትገዢ ሜትር ይዘሽ ሂጂና ለኪው። ልብሽ የወደደው ራክ ባለ 10 ሆኖ ከተገኘ መፍትሔ አለው፦ ሴፍቲውን ከፍ ያለው ቀዳዳ ላይ አድርጊና ከቤንቹ ሥር ኮምፔርሳቶ እያነጠፍሽ ትክክለኛው ከፍታ ላይ አድርሺው። ኮምፔርሳቶው ከቤንቹ እግሮች ሁሉ ሥር ይሁን፣ እንዳይንሸራተትም እርስ በርሱ በሚስማር ይመታ። የአንቺም እግር ከፍታ ስለሚቀየር የምትረግጪበትን አብረሽ ከፍ አድርጊ።

«250 ኪሎ ይችላል» የሚለውን ጽሑፍ በተመለከተ፣ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ቀስ ተብሎ ስለተቀመጠ ክብደት ነው የሚያወራው። የወደቀ ባር ሌላ ነገር ነው። አስቢው፤ 80 ኪሎ ከ20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ወድቆ ሴፍቲው በ2 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢያቆመው አማካይ ጉልበቱ የክብደቱን 11 እጥፍ ያህል፣ ማለትም ወደ 880 ኪሎ ይጠጋል። ይህም ለሁለቱ ጎኖች የሚከፋፈለው እኩል ሲወድቅ ነው። የሚያቆመው ርቀት በረዘመ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የጨርቅ ቀበቶ የሆነው ሴፍቲ ድምፁም ምቱም ለስለስ የሚለው ትንሽ ስለሚለጠጥ ነው። የብረት ሴፍቲ ከሆነ ውስጡ ባዶ ስስ ቧንቧ አይሁን፤ ወፍራም ቧንቧ ወይም ድፍን ብረት ይሁን። የሚይዘው ፒን ደግሞ በሁለቱም የቋሚው ግድግዳዎች ዘልቆ የሚያልፍ መሆኑን እዪ። ለዚህም ነው ሴፍቲው ከምትወርጂበት ብዙ እንዳይርቅ የምለው፤ የመውደቂያው ርቀት ባጠረ ቁጥር ሁሉም ነገር ይቀላል።

የብረቱ ውፍረት ላይ የተነሳው ክርክር ለኔ የተጋነነ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦላሬ ጥሩ መሆኑን ማንም አይክድም። ግን የቋሚውን መወዛወዝ በይበልጥ የሚወስነው የቱቦላሬው ስፋት ነው። ውፍረቱ እኩል ሆኖ ባለ 50 በ50 ሚሊ ሜትሩን በባለ 75 በ75 ብትተኪው ለመጉበጥ ያለው እምቢታ ከ3 እጥፍ በላይ ያድጋል፤ ባለ 50ውን ይዘሽ ውፍረቱን ከ2 ወደ 3 ሚሊ ሜትር ብታሳድጊው ግን ጭማሪው ግማሽ እንኳን አይሞላም። ባንቺ ክብደት፣ ወደ 120 ኪሎ ብታድጊም፣ በአግዳሚ ብረቶች በደንብ የተያያዘ ባለ 50 በ50፣ ባለ 2 ወይም ባለ 2 ተኩል ሚሊ ሜትር ራክ ይበቃሻል። ትንሽ ቢነቃነቅ አትደናገጪ። የኋላ ቋሚዎቹ ላይ የዲስክ መስቀያ ካለው ትርፍ ዲስኮችሽን እዚያ ስቀያቸው፤ ክብደቱ ራኩን ከወለሉ ጋር ያጣብቀዋል።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። ጣሪያሽ 2 ሜትር ከ40 ስለሆነ እስከ 2 ሜትር ከ10 ያለ ራክ ይገባል። አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ራኩን ወለል ላይ አጋድሞ ይገጥመውና በኋላ ያቆመዋል። ቁመቱ 2 ሜትር ከ10፣ የመሠረቱ ርዝመት 1 ሜትር ከ20 የሆነ ራክ ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ 2 ሜትር ከ42 ይመጣል። ስታነሺው ጣሪያው ላይ ይጣበቃል ማለት ነው። ቋሚዎቹን እንደቆሙ፣ ሰው አስይዘሽ ግጠሚው። ፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) ካልሠራሽ ደግሞ 1 ሜትር ከ80 አካባቢ ያለው አጭሩ ይረክሳል፣ ከስኳትም ከቤንችም የሚያጎድልብሽ የለም። ቆመሽ ባር ወደ ላይ የምትገፊ ከሆነ መጥረጊያ እንጨት ይዘሽ እጅሽን ዘርጊና እስከ እንጨቱ ያለውን አስለኪ፣ የትልቁን ዲስክ ግማሽ 22 ሳንቲ ሜትር ተኩል ጨምሪበት፣ የምንጣፉንም ውፍረት እንዲሁ። ከጣሪያው በታች ካልቀረ ተቀምጠሽ ሥሪ።

ባርሽን ራኩን ከመግዛትሽ በፊት ለኪው። ኦሊምፒክ ባር፣ 20 ኪሎው 2 ሜትር ከ20 ይርዘም 15 ኪሎው 2 ሜትር ከ1፣ በሁለቱ ዲስክ ማቆሚያ አንገቶች መካከል 131 ሳንቲ ሜትር አለው። ራኮቹ በአብዛኛው ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ከ120 እስከ 125 ሳንቲ ሜትር ስለሆኑ በየጎኑ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሜትር ተኩል የሚሆኑት አጫጭር ቀጭን ባሮች ግን ጨርሶ አይደርሱም፤ ራኩም ባሩም ደህና ሆነው አብረው የማይሠሩበት ምክንያት ይሄ ነው። ለክፍሉ ስፋት ደግሞ ከባሩ ርዝመት ላይ በየጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር ጨምሪ፤ ዲስክ ስታስገቢ ክርንሽ ግድግዳ መግጨት የለበትም።

በያጅ ቢሠራልኝስ ላልሽው፣ ጎበዝ በያጅ ካገኘሽ ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜም ርካሹ መንገድ እሱ ነው። ሦስት ነገር ግን ቆመሽ አሠሪ። ቀዳዳዎቹ በትራፓኖ ይበሱ፤ ጥንድ ጥንዱ ቋሚዎች አንድ ላይ ታስረው ቢበሱ ከፍታቸው አይዛነፍም። አንዱ ጎን በግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ በየቀኑ ትናደጂበታለሽ። ፒኑ 16 ሚሊ ሜትር ድፍን ብረት ይሁን። ብየዳው ዙሪያውን የተያያዘ ይሁን፤ አራት ቦታ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ በቀለም የተሸፈነ መጋጠሚያ አትቀበዪ። እንዲያውም ቀለም ሳይቀባ በፊት ሄደሽ እዪው። የመንጠቆው የፊት ከንፈር ከፍ ብሎ ውስጡ ጎማ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ይለጠፍበት፤ ብረት በብረት ሲፋተግ የባሩን ሸካራ መያዣ ይበላዋል።

ያገለገለ ካገኘሽ አትናቂው። ራክ ሞተር የለውም፣ የሚያረጅ ነገሩ ጥቂት ነው። ላይ ላዩን ያለ ዝገት በብሩሽ ይለቃል። የሚያሳስበው ከእንቁላል ቅርጽ ጋር የተመሳሰለ የተለጠጠ ቀዳዳ፣ መጋጠሚያ ላይ ያለ ስንጥቅ፣ ከአጠገቡ ቆመሽ በአንድ ዓይን ስታዪው የጎበጠ ቋሚ ነው። ከእነዚህ አንዱ ካለ ተዪው። ብሎን መጉደሉ ምንም አይደለም፤ ብሎን፣ ዳዶና ራንዴላ ይተካል።

የገመድ መጎተቻውን፣ የዲፕ እጀታውን፣ በሌዘር የተጻፉትን ቁጥሮች፣ የታወቀውን ስም ሁሉ ለጊዜው እርሺው። በምትኩ ከራኩ ጋር ሁለት የሴፍቲ ጥንድ ቢኖርሽ፣ አንዱን ለስኳት አንዱን ለቤንች ትተሽ ሳታነሽ ሳትጥይ ትሠሪያለሽ፤ እሱ ገንዘቡን ያወጣል።

ራኩ ቤት ሲገባ ብሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ ብቻ አስገቢያቸው። ሁሉም ከገቡና ራኩ ቀጥ ብሎ መቆሙን በውሃ ልክ ካየሽ በኋላ ነው በመፍቻ የሚጠብቀው፤ አንዱን ቀድመሽ ካጠበቅሽው የመጨረሻዎቹ ቀዳዳዎች አይገጥሙም። መንጠቆውን ደረትሽ መሃል አካባቢ አድርጊው፣ ባሩን ለማውጣት ጉልበትሽን ትንሽ ማጠፍ እንዲኖርብሽ። በሁለት ቀዳዳ መካከል ከዋለልሽ ዝቅ ያለውን ምረጪ፤ ደክሞሽ በጣትሽ ቆመሽ ባር መመለስ አይሆንልሽም። የስኳቱ ሴፍቲ፣ ከምትወርጂበት ዝቅተኛ ቦታ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ከዚያ ዲስክ ሳትጨምሪ ባዶውን ባር ይዘሽ ሆን ብለሽ ውደቂ፤ ስኳት ላይ ተቀምጠሽ ባሩን ሴፍቲው ላይ ትተሽ ውጪ፣ ቤንች ላይ ደረትሽን አጋድመሽ ባሩ አንገትሽን እንደማይነካ እዪ። ይህን ደጋግመሽ ለምጂው። ከጥቂት ሳምንት ሥልጠና በኋላ ብሎኖቹ ትንሽ ይላላሉ፤ መፍቻውን አንሺና አንድ ዙር ሁሉንም አጥብቂያቸው።