አንድ ጥናት፣ ሁለት ንባብ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

እኔና ታላቅ እህቴ ከቤት ሆኖ መሥራት ይጠቅማል፣ አይጠቅምም ስንባባል ከረምን። በቅርቡ አንድ ጥናት አግኝተን አብረን አነበብን። እሷ «ይኸው፣ አላልኩሽም?» አለች፤ እኔ ደግሞ የኔን ሐሳብ የሚደግፍ ሆኖ አገኘሁት። «ሳናዳላ እንየው» ተባብለን ብንደግመውም ያው ነው። ምን ይሻላል?
ግራ የገባት

ውድ ግራ የገባት፣

«ሳናዳላ» መባባል ብቻውን እንደማይሠራ ተፈትኖ ታይቷል። በ1979 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የስታንፎርድ ጥናት የሞት ቅጣትን ለሚደግፉ 24 እና ለሚቃወሙ 24 ተማሪዎች ቅጣቱ ወንጀልን ይገታል፣ አይገታም የሚሉ ሁለት ጥናቶችን አስነበበ። ሁለቱም ወገኖች የሚጥማቸውን «በደንብ የተሠራ» አሉት፤ የማይጥማቸውን እንከኑን ለቀሙ፤ በአቋማቸውም ይበልጥ እንደጸኑ ተናገሩ። በ1984 ሙከራው ሲደገም «እንደ ዳኛ ገለልተኛ ሁኑ» መባሉ ለውጥ አላመጣም። የረዳው «ይኸው ጥናት ተቃራኒ ውጤት ቢያመጣ ኖሮ እንዲህ ትመዝኑት ነበር?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ውጤቱን ሳታዩ መዝኑ። በክርክሩ የሌለበት ሰው የአሠራሩን ክፍል ብቻ ይስጣችሁ፤ ርእሱና ማጠቃለያው ከታዩ ነገሩ አበቃ። ስንት ሰው ተሳተፈ? ለምን ያህል ጊዜ? ከቤት የሚሠሩት በዕጣ ተመደቡ ወይስ ራሳቸው መረጡ? (መጀመሪያውኑ ታታሪዎቹ መርጠውት ከሆነ ልዩነቱ ከቦታው ላይመጣ ይችላል።) ከ10 ነጥብ ስጡና ለየብቻ በወረቀት ጻፉ። በቃል ከሆነ ውጤቱ ሲገለጥ «እኔም እንዲያ ነው ያልኩት» ማለት ይመጣል፤ ይህ ውሸት ሳይሆን የትውስታ ጠባይ ነው። ውጤቱ ከታየ በኋላ ነጥቡን መቀየር የሚቻለው ምክንያቱ ከተጻፈ ብቻ ይሁን።

አሁን የያዛችሁትን ጥናት ግን አንብባችሁታል፤ እሱ ላይ የቀራችሁ የ1984ቱ ጥያቄ ነው። አንቺ ለእህትሽ፣ እሷም ላንቺ ጠይቁ፤ ሰው ለራሱ ሲጠይቅ ቶሎ ይምራል።

አንድ ጥርጣሬ ግን አለኝ። «ይጠቅማል» ስትሉ ማንን ነው? ጥናቱ የለካው የተጠናቀቀ ሥራን ከሆነና አንቺ የሠራተኛውን ዕረፍት እያሰብሽ ካነበብሽው፣ የምትከራከሩት በሁለት ጥያቄ ነው። ከሁሉ በፊት ጥናቱ የለካውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና አስተያዩ።