«አትጨነቁ» ያለውም ጳውሎስ ተጨንቋል

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሥራ ካቆመ ወዲህ የኪራይ ቀን ሲቃረብ እንቅልፍ አይወስደኝም። የጸሎት ጓደኞቼ «በአንዳች አትጨነቁ» የሚለውን ፊልጵስዩስ 4፥6ን ጠቅሰው «አማኝ አይጨነቅም» ይሉኛል። እምነቴ ሞቷል ማለት ነው?

መልስ፦ አልሞተም እህቴ። ጳውሎስ ያንን ደብዳቤ የጻፈው ታስሮ ነው። እስቲ ወደ ምዕራፍ 2 መለስ በዪ። አፍሮዲጡ የፊልጵስዩስ ሰዎች የላኩትን ስጦታ ለጳውሎስ አድርሶ፣ በጠና ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር፤ ጳውሎስም እግዚአብሔር የማረው ለእሱ ብቻ ብሎ ሳይሆን በእኔም ላይ ሐዘን በሐዘን እንዳይደራረብ ነው ይላል። በ2ኛ ቆሮንቶስ 11፥28 ደግሞ የአብያተ ክርስቲያናት ሐሳብ በየቀኑ እንደሚከብድበት ይናገራል። ታዲያ ይህን ሰው እምነት የለውም የሚል ማነው?

ጓደኞችሽ የጠቀሱት የምዕራፍ 4 ቁጥር 6 ጭንቀትሽን በጸሎት ወደ እግዚአብሔር እንድትወስጂው ነው የሚነግርሽ። ስለዚህ ስትጸልዪ ቃላት አታሳምሪ፤ የኪራዩን ብር ልኩን ጠርተሽ ለምኚ። ጓደኞችሽም ትንሽ ወረድ ብለው ቁጥር 14ን ያንብቡ። ጳውሎስ እዚያ የፊልጵስዩስን ሰዎች በመከራዬ ተካፈላችሁ ብሎ ያመሰግናቸዋል፣ የተካፈሉትም የሚያስፈልገውን ልከው ነው። አንቺም ዝም አትበዪ፣ ለቤተ ክርስቲያንሽ አገልጋዮች ችግሩን በግልጽ ንገሪያቸው።