ስለቴን አላስገባሁም፤ እግዚአብሔር ተቀየመኝ ወይ?

ጥያቄ፦ ልጄ በጠና ሲታመምብኝ «ከዳነልኝ ለግሸን ማርያም ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ዳነልኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት መስከረም 21 አለፈ፤ እጄ አጥሮኝ አላስገባሁም። አሁን ልጁን ትኩሳት ይዞታል። ጎረቤቶቼ «ስለት በልተሽ ነው» ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያን መሄድም አፍሬ ትቻለሁ። እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን?
አንዲት እናት፣ ከኩታበር

መልስ፦ እህታችን፣ አልተወዎትም። ሌላውን ከማንሣታችን በፊት ግን ልጁን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ትኩሳቱ ከምን እንደመጣ የሚታወቀው በምርመራ ነው። ጠበል ቢያስጠምቁትም የታዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጡበት።

ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ማን በድሎ ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ጌታ ሁለቱም አይደሉም አላቸው (ዮሐንስ 9)። ጎረቤቶችዎ ከዚህ ቃል በላይ አያውቁም።

ስለ ስለት ከተነሣ ደግሞ የያዕቆብን ነገር ረጋ ብለው ያንብቡት፤ ዘፍጥረት 28 ላይ ነው። ያዕቆብ አባቱን አታልሎ፣ ወንድሙን ሸሽቶ፣ ድንጋይ ተንተርሶ ሜዳ ላይ ተኝቷል። እግዚአብሔር በሕልም ተገልጦ «ከአንተ ጋር ነኝ፣ በምትሄድበት ሁሉ እጠብቅሃለሁ» አለው። በዚህ ተስፋ ውስጥ «ይህን ካደረግህልኝ» የሚል ቃል የለም። «እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ቢሆን» ብሎ የተሳለው ያዕቆብ ራሱ ነው፤ ያውም ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ ተስፋውን ከሰማ በኋላ። ከዚያም በአጎቱ በላባ ቤት 20 ዓመት ተቀመጠ። ሲመለስም ወደ ተሳለበት ወደ ቤቴል አልሄደም፤ ሴኬም አጠገብ መሬት ገዝቶ ሰፈረ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እግዚአብሔር ጠብቆታል። ላባ ደመወዙን 10 ጊዜ ሲለዋውጥበት እንኳ እንዲጎዳው አልፈቀደለትም። በመጨረሻ ስለቱን ሲያስታውሰው (35፥1) ያለው «ተነሥተህ ወደ ቤቴል ውጣ» ነው። ልጆቹን ቀጥቶ አላስታወሰውም።

ጸጋ የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ጸገወ ከሚለው ግእዝ ነው፤ በነፃ ሰጠ ማለት ነው። ሮሜ 5፥8 ክርስቶስ የሞተልን ገና ኃጢአተኞች ሳለን መሆኑን ይናገራል። ገና ምንም ሳናስገባ የተወደድን ሰዎች ነን። ጃንጥላው ምስጋናዎ እንጂ የልጁ መዳኛ ዋጋ አልነበረም።

ታዲያ ስለቱ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ መክብብ 5፥4 የተሳሉትን መፈጸም ያዛል። ሕጉ ግን ድሃን ያውቃል። ዘሌዋውያን 27 ላይ ከ20 እስከ 60 ዓመት ያለች ሴት ስለት 30 ሰቅል (የጥንት የብር መመዘኛ ነው) ተብሎ ይገመታል፤ ያን መክፈል ያቃተው ካህኑ ፊት ይቀርብና እንደ አቅሙ ይገመትለታል። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። የንስሐ አባትዎ ዘንድ ሄደው ምን እንደተሳሉ፣ መቼ እንደሆነና ምን ያህል እንዳለዎት ሳይደብቁ ይንገሯቸው። ጊዜ ሊሰጡዎት፣ በሚሳለም ሰው እጅ እንዲልኩ ሊፈቅዱ ወይም በአቅምዎ ሌላ ነገር ሊወስኑ ይችላሉ። ቀኖና ከሰጡዎት እንደ መድኃኒት ይቀበሉት፤ የይቅርታ ክፍያ አድርገው አይቁጠሩት። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ ጾሙና ስግደቱ ይቀልልዎታል።

ሰው በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ያበላሻል። አንዱ በወለድ ተበድሮ ጃንጥላ መግዛት ነው፤ ልጁ የሚበላው ገንዘብ ለአበዳሪ ይሄዳል። ሌላው በድንጋጤ «አሁን ከዳነ ምንጣፍም እጨምራለሁ» ማለት ነው። በፍርሃት የተጨመረ ስለት የመጀመሪያውንም ያከብደዋል፤ እግዚአብሔርንም እንደ ባለዕዳ አሳዳጅ ያሳየናል። እመቤታችን ደግሞ ልጅ የታመመባትን እናት ሐዘን የምታውቅ እናት ናት። በታመመ ሕፃን ዕዳ አትጠይቅም።

ከሁሉ የሚጎዳዎት መቅረትዎ ነው። የሚመጣው እሑድ በጠዋት ይሂዱ፤ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ሲባል ከሕዝቡ ጋር ይበሉ። ጃንጥላው እስኪገዛ አይጠብቁ።