የቡችላ ትንፋሽ ሲያስቸግር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ10 ቀን ቡችላዬ ተኝታ ሳለች ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ እግሮቿም ይንፈራገጣሉ። ታማ ይሆን?

መልስ፦ በእንቅልፍ ላይ መንፈራገጥ በዚህ ዕድሜ የጤና ነው፤ እንዲያውም ፈጽሞ ሳይነቃነቅ የሚተኛ ቡችላ ይበልጥ ያሳስበኛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጤናማ ቡችላ ዕረፍት ላይ ሲሆን በደቂቃ ከ15 እስከ 35 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። ጸጥ ብላ በተኛችበት ሰዓት ደረቷ ከፍ ብሎ ዝቅ ማለቱን እንደ አንድ ትንፋሽ ይዘው ለ30 ሰከንድ ይቁጠሩና በ2 ያባዙት። ይህንን ጤነኛ ሳለች መዝግበው ቢይዙት፣ የታመመች ዕለት ልዩነቱን ወዲያው ይለዩታል።

ጥያቄ፦ ቁጥሩ ከፍ ባይልም መቸገሩን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የምመለከተው ለመተንፈስ የሚያደርገውን ትግል ነው። ትንፋሽ ያጠረው ቡችላ አንገቱን ይዘረጋል፣ ክርኖቹን ከደረቱ ያርቃል፣ አየር በሳበ ቁጥር በጎን አጥንቶቹ መካከል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ጋደም ብሎም ብዙ ሳይቆይ ይነሳል። የሚጠባ ከሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ ስቦ ጡቱን ይለቅና አየር ፍለጋ ቀና ይላል፤ ይህ ምልክት ሳል ከመሰማቱ በፊት ስለሚታይ እባክዎ አይለፉት። ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ድዱን ይመልከቱ፤ ድዱ በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነ ምላሱን ይዩ። ሮዝ መሆን ሲገባው ከገረጣ፣ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ ለነገ ሳይሉ በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ በጡጦ ሳጠባው ወተቱ በአፍንጫው ወጣ፤ አሁን ሲተነፍስ ደረቱ ይንኮሻኮሻል።

መልስ፦ ወተት ወደ ሳንባው ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ መታየት አለበት። ጨቅላ ቡችላ የሳንባ ምች ይዞት እንኳ ላያስልና ላያተኩስ ይችላል፤ የሚታየው ምልክት መጥባት ማቆምና መድከም ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ማጥባቱን አቁመው፣ ራሱን ዝቅ አድርገው አፍንጫውን ይጥረጉለት እንጂ ይዘው አያወዛውዙት። ከዚህ በኋላ ሲያጠቡት በጀርባው ሳይሆን በሆዱ አስተኝተው ራሱን በጥቂቱ ቀና ያድርጉ፤ ጡጦውም ሲገለበጥ ወተቱ ጠብ ጠብ ይበል እንጂ አይፍሰስ። የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ ቀስ በቀስ ሳይሞቅ ምንም አይስጡት፤ የቀዘቀዘ ቡችላ በደንብ አይውጥም፣ ሆዱም ወተቱን አይፈጭም። ወተቱ በጠባ ቁጥር በአፍንጫው የሚመለስ ከሆነ ላንቃው ተሰንጥቆ እንደሆነ ይታይለት።

ጥያቄ፦ የ9 ሳምንት ቡችላዬ ጉሮሮው ላይ የሆነ ነገር የተቀረቀረበት ይመስል ያስላል። ያመጣሁት ብዙ ውሾች ካሉበት ቦታ ነው።

መልስ፦ ብዙ ውሾች ተጠጋግተው በሚኖሩበት ስፍራ ቦርዴቴላ የተባለው ባክቴሪያና አንዳንድ ቫይረሶች የሚያመጡት ተላላፊ ሳል ይመስላል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። በትልቅ ውሻ በአመዛኙ በራሱ ይሻላል፤ በቡችላ ግን ወደ ሳንባ ምች ሊለወጥ ስለሚችል ሐኪም ይየው። ዓይኑና አፍንጫው ወፍራም ፈሳሽ ካወጡ፣ ካተኮሰውና ካስቀመጠው ደግሞ ዲስቴምፐር የተባለው በቫይረስ የሚመጣ የውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ክትባቱን መቼ እንደወሰደ ለሐኪሙ ይንገሩ። እስኪለይለት ድረስ ከሌሎች ውሾች ይለዩት።

ጥያቄ፦ ወስፋት ሳል ያመጣል?

መልስ፦ አዎ፤ እጮቹ ወደ አንጀት ከመድረሳቸው በፊት በሳንባ ያልፋሉ። ለዚህም ነው የትል መድኃኒት ከ2 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ የሚሰጠው።

ጥያቄ፦ የልጆች የሳል ሽሮፕ ወይም ፓራሲታሞል ብሰጠውስ?

መልስ፦ በፍጹም አይስጡት። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ውሻን ሊመርዙ ይችላሉ፤ ሳልን የሚያፍን ሽሮፕም አክታው በሳንባ ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ወደ ሐኪም ስወስደው ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ሙቀት እንዳያጣ ሸፍኑት እንጂ ደረቱን አጥብቀው አይጠቅልሉት፤ በጀርባውም አያስተኙት። ከመነሳትዎ በፊት አተነፋፈሱን ለአንድ ደቂቃ ያህል በስልክዎ ይቅረጹት፤ ቡችላው ሐኪም ፊት ሲቀርብ በፍርሃት ትንፋሹ ስለሚለወጥ፣ ቤት ውስጥ ያዩትን ለማሳየት ይረዳዎታል።