የላም ቀንድ፣ የሞዜል ወይንና የቀበናው ሐረግ

ጥያቄ፦ ልጄ የምትኖረው ጀርመን፣ ሞዜል ወንዝ አጠገብ ነው። ለፋሲካ ስትመጣ አንድ ጠርሙስ ነጭ ወይን ይዛልኝ መጣች። «ባዮዳይናሚክ ነው፤ ምንም አልተረጨበትም» አለችኝ። አሠራሩን ስትነግረኝ ግን ደነገጥኩ። የላም ቀንድ ውስጥ እበት ሞልተው ይቀብራሉ፣ ጨረቃ አይተው ይሠራሉ አለች። ይሄ ጥንቆላ አይደለም ወይ? ደግሞ እኔም ግቢዬ ውስጥ የወይን ሐረግ አለኝ። ቅጠሉ ሞልቷል፤ ፍሬው ግን ጥቂትና ኮምጣጣ ነው። አዲስ አበባም ብርድ አገር ናት። ያ ዘዴ ለእኔ ይሆነኛል?
— ከቀበና

መልስ፦ እናቴ፣ ከድንጋጤዎ ልጀምር። ቀንድ መቅበሩ እውነት ነው። ትኩስ የላም እበት ቀንዱ ውስጥ ይጠቀጠቃል። የበረዶው ወራት ሳይገባ ይቀበርና በጸደይ ይወጣል። እኔ እጄ ላይ አድርጌ አይቼዋለሁ። ጥቁር ነው፣ ይፈረፈራል፣ የእበት ሽታ የለውም፤ የሚሸተው ዝናብ የመታው የጫካ አፈር ነው። ለአንድ ሄክታር መቶ ግራም ገደማ ይበቃል። ውሃ ውስጥ ጨምረው አንድ ሰዓት ሙሉ ያማስሉታል። አዙሪት እስኪሠራ ወደ አንድ ጎን፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን። ከዚያ መሬቱ ላይ ይረጩታል።

ሐሳቡን ያመጣው ሩዶልፍ ሽታይነር የሚባል ኦስትሪያዊ ፈላስፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ኮበርቪትስ በምትባል፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ባለች መንደር ለገበሬዎች ተከታታይ ንግግር አደረገ። ገበሬዎቹ መሬታችን ደከመ ብለው ጨንቋቸው ነበር። የጨረቃና የከዋክብት ኃይል የሚባለው የእሱ ፍልስፍና ነው። ለመንፈስ የሚገበር ነገር የለበትም፤ ስለዚህ ጥንቆላ አልለውም። ሳይንስ ነው ብዬም አላታልልዎትም። ጋይዘንሃይም በሚገኘው የጀርመን የወይን ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የተለመደውን፣ ኦርጋኒኩን (ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ኬሚካል የማይነካውን) እና ባዮዳይናሚኩን አሠራር ሪስሊንግ በሚባለው ወይን ላይ ጎን ለጎን ሞክረዋል። ኦርጋኒኩና ባዮዳይናሚኩ ከተለመደው ያነሰ ምርት ሰጡ። እርስ በርሳቸው ግን ብዙም አልተለያዩም።

ልጅዎ «ምንም አልተረጨበትም» ያለችው ግን ትንሽ ይታረም። ብርዳማና እርጥብ አገር ላይ ሻጋታ ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ መዳብና ድኝ በመጠኑ ይረጫሉ፤ ደንቡም ይፈቅዳል። ወይኑም ላይ ሰልፋይት የሚባል፣ ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ ሊኖር ስለሚችል፣ ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ይጠንቀቅ።

ለእኔ የዚያ ወይን ምስጢር ቀንዱ አይደለም። ቀንድ ለመቅበር የሚደክም ገበሬ አፈሩን ችላ አይልም። ኮምፖስቱን ራሱ ያዘጋጃል፣ ሐረጉን አንድ በአንድ ዞሮ ያያል።

አሁን ወደ እርስዎ ሐረግ። አዲስ አበባ ለእኛ ብትበርድም ለወይን ግን ብርዷ አይበቃም። የሞዜል ሐረግ ቅጠሉን አራግፎ ለወራት ይተኛል፤ ሲነቃ እምቡጡ ሁሉ እኩል ይነሳል። የእኛ ሐረግ በቅጡ ሳይተኛ ዓመቱን ይጨርሳል። ጫፍ ያለው እምቡጥ ይፈነዳል፣ የታችኛው ዝም ይላል። ፍሬው በሐምሌና በነሐሴ ከመጣ ደግሞ ደመናው ፀሐይ ይከለክለዋል፣ ስኳር አይሞላም። የኮመጠጠብዎት ለዚህ ይመስለኛል። የካስቴል የወይን እርሻ ዝዋይ ላይ የሆነው በከንቱ አይደለም፤ ቦታው ከእኛ ዝቅ ያለ፣ ሞቃትና ዝናቡም ያነሰ ነው።

ስለዚህ ሐረጉን እርስዎ ያስተኙት። ዝናቡ ሲያባራ፣ ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ውሃ ይከልክሉት። የቀረውን ቅጠል በእጅ ያራግፉ። ከዚያ ዘንድሮ ያደገውን ቅርንጫፍ ሁለት ሦስት እምቡጥ ብቻ አስቀርተው በሰላ መቀስ ይቁረጡ። ጨክነው ይቁረጡ! የተቆረጠው ጫፍ ውሃ ቢያንጠባጥብ አይስጉ፣ ሥሩ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው። ያኔ ውሃና በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይስጡት። ፍሬው በበጋ ፀሐይ ይበስላል።

ሞዜል ላይ ቁልቁለቱን የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ለሐረጉ ይመልስለታል። እርስዎም ሐረጉን ፀሐይ በደንብ ወደሚያገኘው የድንጋይ አጥር ያስጠጉት። ቅጠሉ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ሻጋታ ካዩ ዘለላውን የከደኑትን ቅጠሎች ቀንሰው ነፋስ ያስገቡ። ድኝ መርጨት ካስፈለገ በማለዳ ይሁን፤ በጠራራ ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥላል።

ቀንዱን መሞከር ካማረዎት ይቅበሩ፤ ጉዳት የለውም። ግን መጀመሪያ ኮምፖስቱ። ፍሬው መለስለስ ሲጀምር ደግሞ መረብ ይጣሉበት፣ የቀበና ወፎች አይምሩም።