15 ቀን ለተጻፈልሽ እህት፦ ከማህፀን ኦፕራሲዮን በኋላ ስራ ስለመግባት

እህቴ ጥያቄሽን ማታ ነው ያነበብኩት፣ ከዛ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «ማህፀኔ ከቦታው ወርዶ ወደ ታች ወጥቶ ኦፕራሲዮን ከተደረግኩ 12 ቀኔ ነው፣ የተጻፈልኝ ፈቃድ 15 ቀን ነው፣ ሱፐርማርኬት ካሸር ነኝ፣ ምንም ህመም የለኝም፣ ልግባ ወይስ ላስጨምር» ነው ያልሽው። አትግቢ። ሌላውን ባታነቢ እንኳን ይቺን ያዢልኝ፣ አትግቢ።

«ህመም የለኝም» ያልሽው ነገር ነው ያስደነገጠኝ፣ እኔም ልክ እንዳንቺ አልነበረኝም። በታች በኩል ስለሚሰራ ሆድሽ ላይ ጠባሳ የለም፣ ሰው ሲያይሽ ጤነኛ ነሽ፣ ራስሽም ትረሺዋለሽ። ስፌቱ ግን ውስጥ ነው ያለው፣ ክሩም ራሱ ሟሙቶ የሚያልቅ ነው እንጂ የሚወጣ አይደለም፣ ስጋው እስኪይዝ ደግሞ ቢያንስ 6 ሳምንት ይፈልጋል፣ በደንብ እስኪጠነክር እስከ 3 ወርም ይሄዳል። 12 ቀን ማለት ገና ምንም ማለት ነው።

የበሽታውን ነገር አልነግርሽም፣ ያሳለፍሽው ነው። እኔ የግል ትምህርት ቤት የኬጂ አስተማሪ ነኝ፣ የሶስት ልጆች እናት፣ የመጀመሪያውን ሁለት ቀን ሙሉ አምጬ ነው የወለድኩት። ማህፀኔን አውጥተው የፊኛዬንም ግድግዳ ሰፍተው ነው የላኩኝ። አንቺም እንደዛው እንደሚሆን ገምቼ ነው የምጽፍልሽ።

1. ወረቀቱን አስለውጪ። ይሄ ነው ዋናው፣ የኔ ጥፋት እዚህ ጋ ነው ያለው።

ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሙ «ለመስሪያ ቤት ምን ብዬ ልጻፍልሽ?» አለኝ። ደግ ሰው ነው። እኔ ግን አፈርኩ። እዛ ትምህርት ቤት ሁሉም ሰው ይተዋወቃል፣ ወረቀቱ ከዘበኛው ጀምሮ ስንት እጅ እንደሚያልፍ አውቃለሁ፣ «ማህፀኗ ወጥቶ ነው» ተብሎ እንዲወራብኝ አልፈለግኩም። «ዶክተር እባክህ የሆድ ህመም ብለህ ብቻ ጻፍልኝ» አልኩት። እሱም «እንደዛ ከሆነ ብዙ ቀን መጻፍ አልችልም» ብሎ 15 ቀን ጻፈልኝ። ከተኛሁበት 3 ቀን ጋር 18 ቀን መሆኑ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ተቀብዬ ወጣሁ፣ ይሄው ነው።

በኋላ ነው የገባኝ፣ የአካሉን ስም ማንሳት ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። «ከባድ ኦፕራሲዮን ተደርጎላታል፣ ለ6 ሳምንት እረፍት ያስፈልጋታል፣ ከዛም በኋላ ከ5 ኪሎ በላይ እንዳታነሳ፣ ለረጅም ሰዓት እንዳትቆም» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ምስጢርሽም ይጠበቃል፣ አንቺም ትጠበቂያለሽ። እኔ ይሄን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም፣ ለአንቺ ግን ይሄው ነገርኩሽ።

2. ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ንገሪ። ስትወልጂ እኮ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ገንፎ ይሰራልሻል፣ አርባ ቀን ሙሉ ብርጭቆ እንዳታነሺ ነው የሚደረገው። በዚህ ግን ዝም ካልሽ ማንም አያሳርፍሽም። እኔ ለባሌ እናት «ትንሽ ሆዴን አሞኝ ነው» ስላልኳቸው ሊጠይቁኝ መጥተው ቡና ያፈላሁት እኔ ነኝ፣ በ8ኛው ቀን፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ። እሳቸው ክፉ ሆነው አይደለም፣ አላወቁም። በኋላ እውነቱን ስነግራቸው አለቀሱ፣ «እኔም እኮ ልጄ ይሄው 20 ዓመቴ» አሉኝ። 20 ዓመት ሙሉ ጨርቅ እያሰሩ፣ እንስራ እያዘሉ፣ ለማንም ሳይናገሩ። ለዓመት በዓል እንኳን መጥተው ለምን ብዙ እንደማይቀመጡ ያኔ ነው የገባኝ። (ባህር ዳር ባለው የሃምሊን ፊስቱላ ማዕከል ታክመው አሁን ደህና ናቸው። ሃምሊን ሲባል ሰው ፊስቱላ (በምጥ ጉዳት ሽንት የሚያፈስ በሽታ) ብቻ ይመስለዋል፣ ማህፀን የወጣባቸውንም ያክማሉ፣ በነጻ ነው። ዋናው ሆስፒታል አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ከከተማ ውጪ ያለች እናት ወይ አክስት ካለችሽ አትርሺው።)

3. ማንሳት። ይሄን ለብቻው ልጽፈው ነበር ግን ከታሪኩ አይለይም።

በ19ኛው ቀን ስራ ገባሁ። የመጀመሪያው ቀን ደህና ዋልኩ፣ ትንሽ ወደ ታች ከበደኝ ግን ደክሞኝ ነው አልኩ። የኬጂ ወንበር ታውቂ እንደሆነ የህጻን ነው፣ ከመሬት አንድ ክንድ አይሞላም፣ ቁጭ ብድግ ስትይ ልክ ሽንት ቤት እንደመቀመጥ ነው፣ ያ ሁሉ ጭነት ስፌቱ ላይ ነው የሚሄደው፣ እኔ ግን አላሰብኩትም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት በር ላይ ልጆች እየተቀበልኩ ነው። አንድ የ4 ዓመት ልጅ አለ፣ እናቱን ሲለይ የሚያለቅስ፣ እኔ ሳልኖር በነበረበት ጊዜ ጭራሽ ክፍል አልገባም ብሎ አስቸግሯቸዋል። ሲያየኝ ቦርሳውን ጥሎ ሮጦ መጣና ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «ሚስ እቀፊኝ» አለኝ። አፍንጫው ላይ ንፍጥ አለ፣ አንደኛው ካልሲው ጫማው ውስጥ ገብቷል፣ አሁንም አይኔ ላይ ነው። አነሳሁት። 15 ኪሎ ይሆናል። ደቂቃ አልሞላም፣ ትከሻዬ ላይ ተለጥፎ እያለ ከታች ሙቅ ነገር ሲፈስ ተሰማኝ። ላወርደው ሳጎነብስ ጨመረ። ሽንት ቤት ገብቼ ሳየው ደም ነው፣ የወር አበባ የሚመስል አይደለም፣ ቀይ ትኩስ ደም።

ሞዴስ በላዩ ላይ ደራርቤ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ራይድ ጠርቼ ብቻዬን ሄድኩ። ሐኪሙ አይቶ ከላይኛው ስፌት ጠርዝ ላይ ትንሽ ተከፍቷል አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን እንደገና ኦፕራሲዮን አላስፈለገኝም፣ ጎዝ ሞልተው አንድ ቀን አሳደሩኝና አንቲባዮቲክ ሰጥተው እንደገና 6 ሳምንት ከዜሮ ጀመርኩ። የሆድ ህመም ብለህ ጻፍልኝ ያልኩት ነገር ይሄን አመጣ።

ስለዚህ ካሸር ነኝ ስትይ እኔ የሚታየኝ ባለ 5 ሊትር ዘይት ነው፣ የ10 ኪሎ ሩዝ ነው፣ ደንበኛ ባንኮኒው ላይ የሚወረውርልሽ የዱቄት ከረጢት ነው። «አላነሳም፣ ስካን ብቻ ነው የማደርገው» እንዳትይኝ፣ ሰልፍ ሲረዝም እጅሽ ራሱ ነው የሚሄደው፣ የኔም እጅ እንደዛ ነው የሄደው። ቤትም እንደዛው ነው፣ የሊጥ ባልዲ፣ ጄሪካን፣ እርጥብ ልብስ የሞላበት ሳፋ፣ ልጅ። ውሃ በፈረቃ በሌሊት ሲመጣ ባልሽ ይነሳ።

አሁን ስለ መስሪያ ቤቱ ልንገርሽ፣ ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። አዲሱን ወረቀት ይዤ ስሄድ (አሁን በትክክል አስጽፌ) የሰው ሀብት የሚባለው ሰውዬ ሁለት መምህራንና ጸሐፊዋ ባሉበት ጮክ ብሎ «ምን አይነት ኦፕራሲዮን ነው?» አለኝ። ዝም ስል «የማህፀን ነው እንዴ? የኔም እህት ተደርጋለች፣ በሳምንቷ ተነስታ እንጀራ ጋግራለች» አለ። ከዛ ደግሞ «15 ቀን ወስደሻል፣ ይሄ አዲስ ፈቃድ ስለሆነ ያለ ደመወዝ ነው» ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወደኔ ገፋው። ከዛ ቢሮ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

ግን አልተውኩትም። የወንድሜ ልጅ ህግ ተማሪ ናት፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አውጥታ አሳየችኝ። አንቀጽ 85 እና 86 ነው፣ ጻፊው። የሙከራ ጊዜ የጨረሰ ሰራተኛ ቢታመም ከመጀመሪያው የህመም ቀን ጀምሮ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የህመም ፈቃድ አለው፣ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ አንድ ላይ ይደመራል። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ ነው፣ የሚቀጥሉት 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ። ስለዚህ የኔ 18 ቀን እና 42 ቀን ተደምሮ 60 ቀን ነው፣ 30ው በሙሉ፣ 30ው በግማሽ። «አዲስ ፈቃድ» የሚባል ነገር የለም። ገጹን ፎቶ ኮፒ አድርጌ፣ አንቀጹን በእስክርቢቶ አስምሬ፣ ማመልከቻ ጽፌ ለዳይሬክተሯ በቀጥታ አስገባሁ፣ ቀሪው ላይ «ደርሷል» ብለው እንዲፈርሙልኝ አደረግኩ። በሳምንቱ ከፈሉኝ። ለ11 ዓመት አንድ ቀን ሳላረፍድ የሰራሁበት ቤት ነው፣ የሚገባኝን ነው የወሰድኩት፣ ማንም በጎ አድራጎት አላደረገልኝም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፣ ህጉ በቀረሽ ማግስት አሰሪሽን አሳውቂ ይላል፣ ማስረጃውም መንግስት ከሚያውቀው የህክምና ተቋም መሆን አለበት። ስለዚህ የ15 ቀኑ ሳያልቅ ነው ማስጨመር ያለብሽ። መንግስት መስሪያ ቤት ላለች ህጉ ሌላ ነው፣ ይሄ ለግል ድርጅት ነው።

4. ድርቀት። ይሄን ሰው እንደቀላል ያየዋል። ሽንት ቤት ማማጥ ማለት ጄሪካን ከማንሳት አይተናነስም። እኔ ጾም ላይ ስለነበርኩ በሽሮ ብቻ በ4ኛው ቀን ደርቄ ላቤ እስኪመጣ ተቸገርኩ፣ ከዛ እናቴ ተልባ ቆልታ ወቅጣ በውሃ በጥብጣ ጠዋት ጠዋት ታጠጣኝ ጀመር፣ ጎመን፣ ፓፓያ፣ ብዙ ውሃ፣ ተስተካከለ። ባይሆን ማለስለሻ ሽሮፕ እንዲያዝልሽ ጠይቂ። ጉንፋን ከያዘሽ ደግሞ ሳል ሲመጣ ቀድመሽ ልክ ሽንት እንደሚይዝ ሰው ከታች ጨመቅ አድርጊ።

ከዚህ ሌላ ያለውን በአጭሩ፦ ቡናማ ወይ ነጣ ያለ ፈሳሽ ለሳምንታት መኖሩ አያስደንግጥሽ፣ ክሩ እየሟሟ ነው። ትኩስ ደም፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ፣ ሽንት እምቢ ማለት፣ ወይ ባትሽ ማበጥና ማመም ከመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ሂጂ። ከባልሽ ጋር መገናኘት ቢያንስ ለ6 ሳምንት የለም፣ ሐኪሙ አይቶ ካልፈቀደ በስተቀር። ይሄን ለባልሽ ለማስረዳት ከከበደሽ ለቼክ አፕ ስትሄጂ ይዘሽው ግቢ፣ ሐኪሙ ይንገረው፣ የኔ ባል ከኔ አፍ ሲሰማ ያኮረፈበትን ነገር ከሐኪም ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። የኬግል እንቅስቃሴውን (ሽንት እንደሚይዝ ሰው የታችኛውን ጡንቻ ጨምቆ መልቀቅ ነው) በራስሽ አትጀምሪ፣ መቼ እንደምትጀምሪ ጠይቂ። እኔ ከ6 ሳምንት በኋላ ነው የጀመርኩት፣ 5 ሴኮንድ ጨምቆ መልቀቅ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን ሶስቴ፣ እስካሁን አላቋረጥኩም ምክንያቱም ኦፕራሲዮን ተደርጎም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ስትመለሺም በአንዴ ሙሉ ቀን አትግቢ። እኔ በ9ኛው ሳምንት ስመለስ የመጀመሪያዎቹን 10 ቀናት ግማሽ ቀን አስፈቀድኩ፣ የአዋቂ ወንበር ከቢሮ አስመጣሁ፣ ልጆቹን ደግሞ ቆሜ ማቀፍ ትቼ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ እነሱ ወደኔ እንዲመጡ አስለመድኳቸው። ያ ልጅ መጀመሪያ ቀን አኩርፎ እጁን ዘርግቶ ቆመ፣ «ሚስ ሆዷን አሟታል» ስለው መጥቶ ጉልበቴ ላይ ጭንቅላቱን አስደገፈ። አንቺም ከፍ ያለ ወንበር ጠይቂ፣ ከባድ እቃ የሚያነሳልሽ ልጅ አጠገብሽ ይመድቡልሽ፣ በወረቀት ይሁን፣ በቃል የተባለ ነገር ሱፐርቫይዘር ሲቀየር ይረሳል።

ነገ ጠዋት ሆስፒታል ሂጂና ወረቀቱን አስጨምሪ፣ 3 ቀን ነው የቀረሽ። በሚኒባስ ከሆነ የምትሄጂው ከኋላ ጎማው ላይ ያለው ወንበር እንዳትቀመጪ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ያነጥርሻል፣ ጋቢና እስኪገኝ ቆይተሽ ተሳፈሪ።